ከማዘዣው በፊት፦ የመተማና የገዳሪፍ መንገድ የሕመም ታሪክ

ከጎንደር ወደ መተማ የሚወርደውና ገላባትን ተሻግሮ ሱዳን ውስጥ ገዳሪፍ የሚዘልቀው መንገድ በታሪካችን የሚታወቀው በጦርነት፣ በሰሊጥና በስደት ነው። በዚያው መንገድ ላይ ስንት ሰው ቁስሉን፣ ስብራቱንና ነቀርሳውን ተሸክሞ እንዳለፈ፣ ሥቃዩንስ ምን እንዳስታገሰለት የሚናገር ትረካ ግን ተበታትኖ ቀርቷል። ሞርፊን፣ ኮዴይን፣ ፔቲዲን፣ ትራማዶልና ሌሎች የነሱ ወገን የሆኑ ጠንካራ ማስታገሻዎች በሕክምናው ዓለም ኦፒዮይድ ይባላሉ። እነዚህ መድኃኒቶች ለአንዱ በሽተኛ ጨርሶ ሳይደርሱ ቀርተዋል፤ ለሌላው ደግሞ አንድም ቃል ሳይነገረው እጁ ገብተዋል። በሁለቱም ጊዜ የጎደለው ያው ነው፤ ማዘዣው ከመጻፉ በፊት ሐኪም ወይም ነርስ ከበሽተኛው ጋር ቁጭ ብለው የሚያደርጉት ምክክር። ያ ምክክር የሙያ ግዴታ ሆኖ እስኪቆጠር ድረስ ብዙ ሰው ዋጋ ከፍሏል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከ1889 እስከ 1953፦ ወጌሻና ባሲር

ዓፄ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት 1889 መተማ ላይ ከሱዳን መሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ ቆስለው ሲሞቱ፣ ሞርፊን በአውሮፓ የቆየ መድኃኒት ነበር። ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ዘርቲውርነር ከኦፒየም ነጥሎ ያወጣው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ሲሆን፣ ከ1850ዎቹ ጀምሮ በመርፌ ይሰጥ ነበር። ከመተማ ጦር ሜዳ በሕይወት የተረፈ ቁስለኛ ግን አገሩ ሲደርስ የሚጠብቀው በእኛ በኩል ወጌሻ፣ በሱዳን በኩል ባሲር ነው። ሁለቱም የተሰበረ አጥንት ይጠግናሉ፤ ሁለቱም ዛሬም በየመንደሩ አሉ።

ወጌሻ የሚያደነዝዝ መድኃኒት የለውም፤ ንግግር ግን ያውቅበታል። የወለቀውን ከመሳቡ በፊት ምን ሊያደርግ እንደሆነ ይናገራል፤ የሚይዝና የሚያጽናና ዘመድ ይጠራል፤ ስንት ቀን እንደሚያም፣ መቼ መርገጥ እንደሚቻል ይነግራል። ይህን የማነሳው ወጌሻን ከሐኪም ለማስበለጥ አይደለም፤ በእጁ የተበላሸ አጥንትም ብዙ ነው። ነገር ግን ዘመናዊው ሕክምና ወደዚህ ቆላ መድኃኒቱን ይዞ ሲወርድ፣ ይህን የማነጋገር ልማድ አልያዘም። ክፍተቱ የተጀመረው እዚያ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ዘመናዊው ሕክምና ራሱ ቀስ ብሎ ነው የመጣው። ከአድዋ ጦርነት በኋላ በ1896 የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን ቁስለኞችን ሊያክም መጣ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም አዲስ አበባ ላይ የሩሲያ ሆስፒታል ተከፈተ። ያ ሁሉ ከመተማ እጅግ ሩቅ ነበር። በድንበሩ ማዶ እንግሊዞች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ በገዳሪፍ ዙሪያ በትራክተር የሚታረስ ሰፊ የማሽላ እርሻ ጀመሩ፤ ኋላም ሰሊጥ ተጨመረበት። እርሻው የጉልበት ሠራተኛ ይፈልግ ነበርና ከደጋው ወደ ቆላው፣ ከዚያም ወደ ማዶ የሚወርደው ሰው በየዓመቱ እየበዛ ሄደ።

ከ1954 እስከ 1983፦ የተቆለፈው ሣጥን

በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ከሐኪም ያነሰ፣ ከአስታማሚ የበለጠ ሥልጠና ያላቸው ጤና መኮንኖችን፣ ከእነርሱም ጋር ነርሶችንና የንጽሕና ባለሙያዎችን እያስተማረ ወደ ገጠር ላከ። ለቆላው ነዋሪ ትልቅ ለውጥ ነበር። ግን ኮሌጁ በተከፈተ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሞርፊንን የሚመለከት ዓለም አቀፍ ሕግ ወጣ፤ የ1961ዱ የናርኮቲክ መድኃኒቶች ስምምነት።

ስምምነቱ ሁለት ነገር በአንድነት ይዟል። በመግቢያው ላይ እነዚህ መድኃኒቶች ሥቃይን ለማስታገስ የግድ አስፈላጊ መሆናቸውን፣ መንግሥታትም እንዲገኙ ማድረግ እንዳለባቸው ይናገራል። በአንቀጾቹ ደግሞ ከአገር ወደ አገር ሲገቡና ሲወጡ ፈቃድ፣ መዝገብ፣ ቁጥጥር እንዲኖር ያዛል። በተግባር የበረታው ቁጥጥሩ ነው። ሞርፊን በተቆለፈ ሣጥን ውስጥ ተቀመጠ፤ በልዩ ማዘዣ ብቻ የሚወጣ፣ እያንዳንዷ ብልቃጥ የምትቆጠርበት ሆነ። ፋርማሲስቱ ስለጎደለችው አንዲት ብልቃጥ ይጠየቃል፤ በሥቃይ ስላደረው በሽተኛ ግን የሚጠይቀው የለም። በእንዲህ ያለ ሥርዓት ውስጥ ያደገ የጤና ባለሙያ መድኃኒቱን ቢፈራው አይፈረድበትም።

በ1967 እንግሊዛዊቷ ሐኪም ሲሲሊ ሳውንደርስ ለንደን ላይ የቅዱስ ክሪስቶፈር ሆስፒስን፣ የማይድኑ በሽተኞች የሚታከሙበትን ቤት፣ ስትከፍት ያሳየችው ይህንን ፍርሃት የሚሽር ነገር ነበር። ሞርፊን ሕመሙ እስኪፋፋም ሳይጠበቅ፣ በሰዓቱ፣ በአፍ ሲሰጥ በሽተኛው ሳይደነዝዝ ከቤተሰቡ ጋር እየተጫወተ መቆየት ይችላል። ሕክምናዋ የሚጀምረውም በሽተኛውን ስለ ሕመሙ፣ ስለ ፍርሃቱ፣ ስለ ቤተሰቡ በመጠየቅ ነበር። ይህ ትምህርት ወደ አፍሪካ ቀንድ ለመድረስ ከሠላሳ ዓመት በላይ ፈጀበት።

ከ1984 እስከ 1985፦ ኡምራኩባ

እኛ የሰባ ሰባቱ የምንለው ድርቅ ከትግራይ፣ ከወሎና ከጎንደር በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ወደ ሱዳን አሻገረ። ብዙዎቹ በእግራቸው፣ ሌሊት ሌሊት እየተጓዙ ነው የገቡት። በገዳሪፍ ዙሪያ የነበሩት ኡምራኩባና ተዋዋ በዚያ ዘመን ሰው ስማቸውን ሲሰማ የሚደነግጥባቸው መጠለያዎች ሆኑ። ከነዚህ ስደተኞች መካከል ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ፤ በመንገድና በሱዳን መጠለያዎች ከመካከላቸው ወደ 4,000 የሚጠጋ ሰው እንዳለቀ ይገመታል። ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 በተካሄደው የሙሴ ዘመቻ ከ6,000 በላይ የሚሆኑት በድብቅ ወደ እስራኤል ተወሰዱ።

ሰው የሚያልቀው በኩፍኝ፣ በተቅማጥና በረሃብ ስለነበር የእርዳታው ትኩረት ክትባት፣ ውኃና ምግብ ላይ መሆኑ ትክክል ነበር። የሚያሳዝነው ሌላ ነገር ነው። የማይድን በሽተኛ ሥቃይ የሕክምና ጉዳይ ተደርጎ አልተቆጠረም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአደጋ ጊዜ የሚሆን የመጀመሪያውን የመድኃኒት ጥቅል ዝርዝር ያወጣው በዚያው በ1984 ነው፤ እያንዳንዱ ጥቅል 10,000 ሰው ለሦስት ወር እንዲያገለግል የታሰበ ነበር። በጥቅሉ ውስጥ ሞርፊንን የመሰለ ቁጥጥር ያለበት መድኃኒት ለማካተት ግን የላኪውም የተቀባዩም አገር ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። በሽተኛው ለዚያ የሚበቃ ጊዜ አልነበረውም።

1996፦ ሦስት ነገሮች በአንድ ዓመት

በ1986 የዓለም ጤና ድርጅት የነቀርሳ ሕመምን ስለማስታገስ ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። በቀላል ማስታገሻ ይጀመር፣ ካልበቃ ወደ ኮዴይን፣ ካልበቃ ወደ ሞርፊን ይወጣ የሚለው የሦስት ደረጃ መሰላል በዓለም ሁሉ የታወቀው ከዚያ ወዲህ ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ ደግሞ አንዱ ስለ ሌላው የማያውቅ ሦስት ነገር በአንድ ዓመት ተከሰተ። የዚህን ድንበር ታሪክ ስጽፍ ከሁሉ በላይ የምቆምበት ዓመት ይህ ነው።

አንደኛው የጄኔቫ ነው። ከጦርነትና ከረሃብ ቦታ ሞርፊን በጊዜው እንደማይደርስ ለዓመታት አቤቱታ ሲቀርብ ቆይቶ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ1996 በአደጋ ጊዜ ቁጥጥር ያለባቸው መድኃኒቶች በአጭር ሥርዓት ድንበር እንዲሻገሩ የሚያስችል መመሪያ አወጣ። ለኡምራኩባ ከአሥር ዓመት በላይ የዘገየ ነበር።

ሁለተኛው የአሜሪካ ነው። ፐርዲው ፋርማ የተባለው ኩባንያ ኦክሲኮንቲን የሚባለውን ጠንካራ ክኒን ገበያ ላይ አዋለ። ሐኪሞችን ሲያሳምን ከተጠቀመባቸው ማስረጃዎች አንዱ በ1980 በአንድ የሕክምና መጽሔት የወጣ አምስት ዓረፍተ ነገር ያለው ደብዳቤ ነበር። ደብዳቤው ሆስፒታል ተኝተው ናርኮቲክ ከወሰዱ 11,882 በሽተኞች ሱስ የያዛቸው አራት ብቻ መሆናቸውን ይናገራል። በሐኪም ዓይን ሥር ለጥቂት ቀን መውሰድና ክኒኑን ቤት ይዞ ገብቶ ለወራት መዋጥ ግን እጅግ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ለበሽተኛው ሱስ እምብዛም አይይዝህም ተባለ፤ ጉዳቱ አልተነገረውም። ኩባንያው በ2007 ስለ መድኃኒቱ ሱስ አስያዥነት በማሳሳቱ ጥፋተኛነቱን አመነ፤ እስከዚያ ግን ቤተሰቦች ፈርሰዋል። ማዘዣ ከመጻፉ በፊት ጉዳቱን ማስረዳት፣ የቆየ ሱስ መኖሩን መጠየቅ፣ መቼ እንደሚቆም አስቀድሞ መስማማት የሚሉት መመሪያዎች የተጻፉት ከዚህ መከራ ነው።

ሦስተኛው ስለ እኛ ነው፤ እጅግም አልተነገረለትም። ኢትዮጵያዊቷ ተመራማሪ እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ በስዊድን ሆነው የኢትዮጵያውያንን ደም መረመሩ። በጉበታችን ውስጥ ብዙ መድኃኒቶችን የሚለውጥ አንድ ኢንዛይም አለ፤ ኮዴይንን ወደ ሞርፊን፣ ትራማዶልንም ወደ ጠንካራው መልኩ የሚቀይረው እሱ ነው። አብዛኛው ሰው ከእያንዳንዱ ወላጁ የዚህን ኢንዛይም ዘረ መል አንድ አንድ ቅጂ ይወርሳል። ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን ግን 29 በመቶ የሚሆኑት ትርፍ ቅጂ ተሸካሚ ሆነው ተገኙ። በስዊድናውያን ዘንድ ይህ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ኮዴይን ሲውጥ ሰውነቱ ከተጠበቀው በላይና በፍጥነት ሞርፊን ያመርታል። ለሌላው ልክ የሆነው መጠን ለእሱ ሊበዛ ይችላል፤ ትንፋሽን እስከማዘግየት ይደርሳል።

የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2017 ኮዴይንና ትራማዶል ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳይሰጡ ከልክሎ፣ የሚያጠቡ እናቶችም እንዳይወስዷቸው አስጠንቅቋል። ምክንያቱ ይኸው ፈጣን ለውጥ ነው። ከእኛ መካከል ከሦስት ሰው አንዱን ሊመለከት የሚችል ነገር ከሆነ፣ ጎንደርም ሆነ ገዳሪፍ ያለ ሐኪም ለኢትዮጵያዊ በሽተኛ ኮዴይን ከማዘዙ በፊት ሊጠይቅ ይገባዋል፤ ከዚህ በፊት ወስደህ ታውቃለህ? እንቅልፍ ጣለህ? ታጠቢያለሽ? ቤት ውስጥ ሕፃን አለ? ውድ ምርመራ ሳያስፈልግ በአፍ የሚሠራ ጥንቃቄ ነው።

ከ2003 እስከ 2012፦ በሽተኛውን የሚያነጋግሩ

በምሥራቅ አፍሪካ የቀደመችው ዑጋንዳ ናት። እንግሊዛዊቷ ሐኪም አን ሜሪማን በ1993 ካምፓላ ላይ ሆስፒስ ከፍታ ከዱቄት የሚበጠበጥ ርካሽ የሞርፊን ሽሮፕ ማደል ጀመረች። በ2004 የአገሪቱ ሕግ የሠለጠኑ ነርሶች ሞርፊን እንዲያዙ ፈቀደ። ሐኪም በማይደርስበት ገጠር ከበሽተኛው ጋር የሚነጋገረው ሰው መድኃኒቱንም እንዲሰጥ ተደረገ ማለት ነው።

አዲስ አበባ ላይ ሲስተር ፅጌረዳ ይስፋወሰን በ2003 ሆስፒስ ኢትዮጵያን መሠረተች። ነርሶቹ በሽተኛውን ቤቱ ድረስ ሄደው ያዩታል። ካርቱም ላይ ደግሞ የጨረራና አይሶቶፕ ማዕከል በሚባለው የነቀርሳ ሆስፒታል ዶክተር ናህላ ጋፈር በ2010 የማስታመም ሕክምና ክፍል አቋቋመች። በዚያ ዘመን የገዳሪፍ ነቀርሳ በሽተኛ ጨረር የሚያገኘው ካርቱም ወይም ወድ መደኒ ሄዶ ነበር።

በእነዚህ ቦታዎች የተለመደው ምክክር ምን እንደሚመስል ላስረዳ። በሽተኛው ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው ከሱስ በፊት ሞትን ነው፤ “ሞርፊን ተጀመረልኝ ማለት አበቃልኝ ማለት ነው?” ነርሷ መድኃኒቱ ሕመሙን የሚከተል እንጂ ሞትን የሚጠራ እንዳልሆነ፣ ሰው ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት እየወሰደው ሥራውን ሊሠራ እንደሚችል ትነግረዋለች። ከዚያ ወደ ተራው ነገር ትገባለች። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማቅለሽለሽና ድብታ ይኖራል፤ ብዙውን ጊዜ በሳምንት ውስጥ ይቀላል። የሆድ ድርቀቱ ግን አይለቅም፤ ስለዚህ ሆድ የሚያለሰልስ መድኃኒት አብሮ ይታዘዛል። ሽሮፑ በየአራት ሰዓቱ ነው። ሌሊት ላለመነሳት የመኝታ ሰዓቱን መጠን ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ ይህንን ግን በሽተኛው በራሱ አያደርገውም። አረቄና የእንቅልፍ ክኒን ክልክል ነው። ሕመሙ ቢቀልም በድንገት አይቆምም፤ ቀስ በቀስ ይቀነሳል። ለጎረቤት አይሰጥም፤ የጎረቤት ወገብ ሕመም ሌላ ነው።

የጾም ጉዳይም አለ። በእስልምናም በኦርቶዶክስም በሽተኛ ከጾም ነጻ ነው። ይህን እያወቀ የሚጾም በሽተኛ ግን ብዙ ነው፤ ሳይነግር ቀኑን ሙሉ መድኃኒቱን ትቶ ማታ የቀኑንና የማታውን መጠን አንድ ላይ ይውጣል። ቀድሞ የጠየቀች ነርስ ረዘም ላለ ሰዓት የሚቆየውን ክኒን ትመርጥለታለች፤ ወይም ከቄሱ ወይም ከሼኩ ጋር አብራ ትመክራለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለው አባባላችን በሽተኛውን ይወቅሳል፤ እኔ ግን ያልጠየቀውን ባለሙያም የሚመለከት ይመስለኛል።

ከ2013 እስከ 2018፦ ትራማዶል

ትራማዶል በ1977 በምዕራብ ጀርመን ለገበያ ሲቀርብ ቀላልና ሱስ የማያስይዝ ይመስል ስለነበር ከዓለም አቀፉ የሞርፊን ቁጥጥር ውጭ ቀረ። ሞርፊን በተቆለፈባቸው አገሮች ማስታገሻ የተባለው ሁሉ እሱ ሆነ። በ2010ዎቹ ከምዕራብ አፍሪካ እስከ ግብፅና ሱዳን በየመደብሩ ያለ ማዘዣ ይሸጥ ጀመር። ምን ያህል እንደተስፋፋ የሚያሳይ አንድ እውነተኛ ታሪክ አለ። በ2013 ተመራማሪዎች በካሜሩን በሚበቅል ዛፍ ሥር ውስጥ ትራማዶል አገኘን ብለው ተፈጥሮ የሠራችው ማስታገሻ መሰላቸው። በቀጣዩ ዓመት ሌሎች ተመራማሪዎች ምክንያቱን ደረሱበት፤ ገበሬዎቹ ድካም እንዳይሰማቸው ክኒኑን ራሳቸው ይውጡ፣ ለእርሻ በሬዎቻቸውም ይሰጡ ነበር። በሽንት ወደ መሬት ገብቶ ነው ዛፉ የመጠጠው።

የሰሊጥ አገር ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። ሰሊጥ ሲደርስ ጊዜ አይሰጥም፤ ፍሬው ሳይረግፍ በጥቂት ሳምንታት መታጨድ አለበት። ከደጋ የወረደ የቀን ሠራተኛ በቆላው ሙቀት ቀኑን ሙሉ አጎንብሶ ይውላል፤ የሠራበትን ያህል ይከፈለዋል፤ ወገቡ ቢያመው የሚያርፍበት ጊዜ የለውም። ሕመሙን የሚያስረሳ ክኒን በእጁ ቢገባ መውሰዱ አይገርምም። ትራማዶል በተለይ መጠኑ ሲያልፍ የሚጥል በሽታ ያስነሳል፤ ከአንዳንድ የድብርት መድኃኒቶች ጋር ሲገናኝም አደገኛ ነው። የአንድ ቀን ጣሪያው 400 ሚሊግራም ሲሆን በሕገወጥ መንገድ የሚዞረው ግን በአንድ ፍሬ ብቻ 200 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ የያዘ ነበር።

በ2018 የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች ትራማዶል በዓለም አቀፍ ቁጥጥር ሥር ይግባ ወይ የሚለውን ተመልክተው እንዳይገባ ወሰኑ። ፍርሃታቸው በድሃ አገር ያለው በሽተኛ የቀረችውን አንዲት ማስታገሻም እንዳያጣ ነበር። ውሳኔውን እኔም እደግፋለሁ። የፍርሃታቸውን ልክ የሚያሳይ አኃዝ በዚያው ሰሞን ላንሰት በተባለው መጽሔት ሥር የተቋቋመ ኮሚሽን አውጥቶ ነበር፤ በዓመት ለዓለም ይከፋፈል ከነበረው 298.5 ሜትሪክ ቶን የኦፒዮይድ መድኃኒት ውስጥ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አገሮች የደረሰው 0.1 ቶን ብቻ ነው። በዚያው ዓመት የዓለም ጤና ድርጅት የማስታመም ሕክምና በስደትና በጦርነት ጊዜ ከሚሰጠው እርዳታ ጋር እንዲዋሐድ መመሪያ አወጣ።

ከ2020 እስከ 2022፦ ሐምዳይት

በኅዳር 2020 የትግራይ ጦርነት ሲጀመር ሕዝቡ ተከዜን ተሻግሮ ሐምዳይት፣ ሌላውም በሉግዲ በኩል ገዳሪፍ ግዛት ገባ። በጥቂት ወራት ውስጥ ስደተኛው ከ60,000 አለፈ። በ2000 ተዘግቶ የነበረው ኡምራኩባ እንደገና ተከፈተ፤ ቱናይድባህም ተጨመረ። በ2021 ደግሞ ከጎንደር አካባቢ የቅማንት ተወላጆች በመተማ በኩል ተሻገሩ።

በዚህ ጊዜ አንድ አዲስ ነገር ነበር። ከስደተኞቹ መካከል ከሁመራና ከሌሎች ሆስፒታሎች የሸሹ ሐኪሞችና ነርሶች ስለነበሩ በድንኳን ክሊኒክ ውስጥ ራሳቸው ማከም ጀመሩ። የጥይት ቁስል ይዞ የመጣ ሰው በገዛ ቋንቋው፣ ያየውን ባየ ሰው ይታከም ነበር። አንዲት ነርስ አረጋዊቷን በትግርኛ “አደይ” (እናቴ) ብላ ስትጠራ ሴትዮዋ ለሌላ የማትነግረውን ሕመም ትነግራታለች። ለምክክር ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም። በድንኳን ውስጥ የሚቆለፍ ነገር ስለሌለ መድኃኒቱን የት ማስቀመጥ እንዳለባቸው፣ ቁጥሩን ማን እንደሚይዝ፣ ልጆች እንዳይደርሱበት ምን ማድረግ እንደሚቻል መነጋገር ያስፈልጋል፤ በከተማ ሆስፒታል የተጻፈ መመሪያ ይህን አያነሳም።

ከ2023 ወዲህ፦ መንገዱ ሲገለበጥ

ሚያዝያ 2023 ካርቱም ላይ በሱዳን ጦርና በፈጥኖ ደራሹ ኃይል መካከል ጦርነት ሲፈነዳ የመንገዱ አቅጣጫ ተገለበጠ። ሱዳናውያን፣ ከነርሱም ጋር ለዓመታት እዚያ የኖሩ ኢትዮጵያውያን በገላባት በኩል ወደ መተማ ገቡ፤ ኩመርና አውላላ የሚባሉ መጠለያዎች ተከፈቱ። ብዙም ሳይቆይ አማራ ክልል ራሱ ጦርነት ውስጥ ገባ። ከመተማ ጎንደር ያለው 200 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ለሪፈራል በሽተኛ አስተማማኝ መሆኑ ቀረ። በ2024 የአውላላ ስደተኞች በዝርፊያና በጥቃት ተማረው ከመጠለያው ወጥተው መንገድ ዳር ሰፈሩ።

በማዶ የካርቱም የነቀርሳ ማዕከል ተዘጋ። በታኅሣሥ 2023 ወድ መደኒም በፈጥኖ ደራሹ ኃይል እጅ ሲወድቅ ያለው የነቀርሳ ተቋም አብሮ ቆመ። በሽተኞቹ ወደ ገዳሪፍ የምሥራቅ ነቀርሳ ማዕከል ጎረፉ። ትንሽ ማዕከል ነበር፤ የጨረር መሣሪያ አልነበረውም። በ2024 ጨረር የሚያስፈልገው በሽተኛ የሚላከው 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው መረዌ ነበር። አቅም ያጣው እዚያው ገዳሪፍ ይቀር ነበር፤ ለእሱ ሕክምና ማለት ሕመሙን ማስታገስ ነበር።

እንዲህ ያለ ረጅም ጉዞ ለሚጀምር በሽተኛ የሚሰጠው ምክር ካርቱም ይታከም በነበረበት ዘመን ከሚሰጠው ይለያል። ክኒኑ ስንት ቀን እንደሚበቃው፣ መንገድ ላይ ቢያልቅ ላብ፣ ቁርጠትና እንቅልፍ ማጣት እንደሚመጣበት፣ ይህም የሰውነት መልመድ እንጂ ሱሰኝነት እንዳልሆነ አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ፍተሻ ስለሚበዛ ሐኪሙ የጻፈለትን ወረቀት ከመድኃኒቱ ሳይለይ መያዝ ይኖርበታል። አብሮት የሚሄደው ዘመድ ትንፋሹ ሲዘገይ ወይም ሲቀሰቅሱት አልነቃ ሲል የሚቀጥለውን መጠን ሳይሰጠው ወደ ቅርቡ ጤና ጣቢያ መሮጥ እንዳለበት መስማት አለበት።

መተማ ላይ ደግሞ አስቸጋሪው ቋንቋ ነው። ባለሙያው አማርኛ፣ በሽተኛው ዓረብኛ ይናገራል፤ በመካከል ብዙ ጊዜ የሚያስተረጉመው ዓረብኛውንም አማርኛውንም በገበያ የለመደ ሰው ወይም የበሽተኛዋ ልጅ ነው። እናት ስለ ጡት ነቀርሳዋ በአሥር ዓመት ልጇ አፍ ሞርፊን እንዴት እንደምትወስድ መስማት የለባትም። የሕክምና አስተርጓሚ ቅጥር ከመድኃኒት ግዢ ጋር አብሮ በእርዳታ በጀት ውስጥ እንዲገባ የሚጠይቁ የጤና ባለሙያዎች አሉ፤ ጥያቄያቸው ተገቢ ነው፤ ለአንድ ዓመት የሚሆን የአስተርጓሚ ደመወዝም ብዙ አያስወጣም።